የኦልባኒዋ የጠፋች ደቂቃ

ላይል ፌነር አሜሪካ ውስጥ በርሊንግተን በምትባል ከተማ የቤት ማሞቂያ ይጠግናል። ሚስቱ ጥላው ከሄደች ወዲህ ለፍቅርም ለፀብም የቀረለት «ሆሎው ባርን» የሚባለው ባንድ ብቻ ነው። ባንዱ አንዱን ዘፈን እንደ ማስቲካ እየጎተተ፣ በየመድረኩ ሌላ እያደረገ ይጫወተዋል። ስለዚህ እኛ የባንዱ ወዳጆች የምንጣላው የትኛው ምሽት ይበልጣል በሚለው ነው። በየዓመቱ በረዶው ሲጠና ላይል ጋራዥ ተሰብስበን፣ ቺሊ የሚሉትን የሥጋና የባቄላ ወጥ እየበላን ለምሽቶቹ ደረጃ እናወጣለን።

የላይል አንደኛ ባንዱ ኦልባኒ ከተማ የተጫወተበት ምሽት ነው። በካሴት ዘመን ማይክራፎኑን በረጅም ዘንግ ሰቅሎ የቀዳው ራሱ ነው፤ ባንዱም መቅዳት ይፈቅዳል። ታዲያ ዘፈኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ የካሴቱ አንድ ገጽ አለቀ። ላይል ገልብጦ እስኪያስነሳው አንዲት ደቂቃ አመለጠች።

«ያቺን ደቂቃ ብትሰሟት ሌላውን ሁሉ ትጥሉት ነበር» ይለናል።

«ያመለጠ ዓሣ ሁሉ ትልቅ ነው!» ይላል ዱዌን ኮርቤት፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌሩ። የእሱ አንደኛ የወስተሩ ምሽት ነው። «አጎንብሰህ ካሴት ስትገለብጥ ምን ሰማህና ነው?»

እኛ ግን ላይልን እናምነዋለን። ኦልባኒ አንደኛ ትወጣለች፣ ዱዌን አኩርፎ ይሄዳል፣ በዓመቱ ደግሞ ይመጣል።

ዘንድሮ ዱዌን ሲገባ ፊቱ ፈክቷል። ለካ የኦልባኒን ምሽት ሌላም ሰው ቀድቶት ኖሯል፤ ሙሉውን አግኝቶ ይዞት መጣ።

«በል ላይል፣ ጉድህ ዛሬ ይለያል!» ብሎ ከፈተው።

ደቂቃዋ ደረሰች። ጊታሩ መንገድ ሳተ፤ ከበሮው ቆሞ ጠበቀው፤ ከተመልካቹ አንዱ አሳለ። ከዚያ እንደምንም ተያይዘው ተመለሱ። ማናችንም ቀና ብለን ላይልን አላየነውም። እኔ አዘንኩለት።

ላይል ሳህኑን አስቀመጠ።

«ልክ ነህ ዱዌን። አጎንብሼ ነበር፣ አልሰማኋትም። ሰባተኛ አድርጓት። ወስተር ትቅደም።»

ዱዌን ይፈነጥዛል ብለን ስንጠብቅ ፊቱ ቀላ።

«ማነው ሰባተኛ ያላት? ሰውየው እኮ ከኋላ ቆሞ ነው የቀዳው! ከኋላ ምን ይሰማል?»

«ያመጣኸው አንተ አይደለህ እንዴ?» አለው ላይል።

«ታዲያ ሃያ ዓመት ሙሉ ከሰባተኛ ጋር ነው ስሟገት የኖርኩት?» ብሎ ጮኸ። ወደ እኛ ዞረ። «ኦልባኒ አንደኛ የምትሉ፣ እጅ አውጡ!»

የራሱን እጅ ከሁሉም አስቀድሞ አወጣ። እኛም ተከተልነው። ላይል ብቻ አላወጣም።