እሳት የነፈግሁት ጨው

ያን ክረምት ባነሣሁት ቁጥር ይደክመኛል። በክፉ ቀን በሽታ ከብቱ ከማለቁ በፊት ነው፤ እንጦጦ ላይ ከተማ ከተቆረቆረ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። እኔ ተድሬ ስመጣ ደኑ እስከ በራችን ነበር። ያኔ እንጨት የሚገዛ ሰው አለ ቢሉን በሳቅ እንፈርስ ነበር። ኋላ ግን ቤቱም አጥሩም የንጉሡ ግቢ ወጥ ቤትም እንጨት እንጨት ሲሉ ተራራው ተመለጠ፤ ማገዶ ከየካ ወዲያ በሴት ጀርባ ይመጣ ጀመር። ለጤፍና ለበርበሬ ብቻ ይወጣ የነበረው አሞሌ ጨው እኩሌታው ለእንጨት ሆነ። ይታያችሁ፣ ማብሰያው ከሚበስለው ሲወደድ!

ባሌ ዘምቷል። ያለን አንድ በሬ ነው። ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተን እናርሳለን፤ ጎረቤት ደግሞ የራሱን ሳይጨርስ አይለቅም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ዘግይተን እንዘራለን። «ስመለስ ሁለተኛው በሬ ቆሞ ላግኘው» ብሎኝ ሄደ። እኔም ከአፌ እየነጠቅሁ የአንድ በሬ መግዣ አሞሌ አጠራቀምሁ፤ በልጥ በልጥ አስሬ ከምድጃው በላይ ቆጡ ላይ ደረደርሁት። ክረምት ላይ ጨው ጭስ ካላገኘ እንደሚሟሟ የማያውቅ የለም። እኔም አላጣሁትም።

ሐምሌ ሲገባ የአንድ ሸክም እንጨት ዋጋ ጭራሽ መናሩን ሰማሁ። ከቆጡ አንዲት አሞሌ እንኳ እንዳላወርድ ማልሁ። ቀን ቀን እሳት የለም፤ ለራት ብቻ ጥቂት ጭራሮ። አብረውን የሚኖሩት አማቴ አርጅተዋል፣ ብርዱ አጥንታቸው ገብቷል።

«ልጄ፣ አንድ ፍልጥ ጨምሪልኝ።»

«እመዬ፣ በሬው ይቅደም። ጋቢ ይደርቡ።»

«ለእኔ ባይሆን ለጨውሽ!»

ኧረ ወዲያ! ለራሳቸው ሲሉ ጨዉን ያሳብባሉ ብዬ ናቅኋቸው። የራት ጭስ ይበቃዋል አልሁ።

በፍልሰታ ጉሙ ቤት ድረስ ገብቶ ይተኛ ነበር። አንድ ጧት ምድጃው ላይ ጠብ ጠብ ሲል ሰማሁ። ጣሪያው አፈሰሰ ብዬ ክዳኑን የሠራውን ሰውዬ ስረግም፣ አማቴ ጠብታውን በጣታቸው ነክተው ቀመሱና ወደ ቆጡ ጠቆሙኝ። ቆጡ ላይ ወጣሁ። ልጡ እንደታሰረ አለ፤ ጨዉ ግን ከውስጡ ሟሙቶ ስብርባሪ ቀርቷል። ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። በምን ዓይኔ ነው ባሌን የማየው?

የተሰበረ አሞሌ ገበያ ላይ በሬ አይገዛም። አንዲት እንጨት ሻጭ ብቻ ለወጥ ይሆነኛል ብላ ስብርባሪውን በሙሉ በሁለት ሸክም ወሰደችው። ያን ቀን ገና በቀትር እሳት አነደድሁ።

አማቴ እጃቸውን ወደ እሳቱ ዘረጉ። ይሰድቡኛል ብዬ በሩ ሥር ቆሜአለሁ። ቀና ብለው አዩኝና ቦታ ለቀቁልኝ።

«በይ ነይ» አሉኝ፣ «በሬሽ ነዶ ሳያልቅ ሙቂው።»