ምንጭ የምትጠይቀው የትዳር ደላላ

ሻጉፍታ በፓኪስታኗ ከተማ ላሆር ውስጥ የታወቀች የትዳር ደላላ ናት። ኮሌጅ ሳለች አንድ ነዝናዛ መምህሯ፣ ምንጭ ያልጠቀሰችበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ በቀይ እያሰመሩ "ማን ነገረሽ?" ብለው ይጽፉባት ነበር። ያኔ ረግማቸዋለች፤ ዛሬ እንጀራ የምትበላው በእሳቸው ጥያቄ ነው።

በቀደም ወይዘሮ ተሕሲን ቤቷ መጥተው፣ ሳሞሳዋን እየገመጡ፣ "ልጄን ዳሪልኝ፤ ሲጋራ በእጁ ነክቶ አያውቅም" አሏት።

"ማን ነገረዎት፣ አክስቴ?"

"ራሱ ነዋ። አባቱም ይመሰክራል።"

"ለአባቱስ ማን ነገራቸው?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ሁለታችሁም የገለበጣችሁት ከአንድ ሰው ነው፤ እሱም ተጠርጣሪው።"

በማግስቱ ልጁ መሥሪያ ቤት አጠገብ ወዳለችው ሱቅ ሄደች። ባለሱቁ የልጁን ስም ሲሰማ፣ ምንም ሳይጠየቅ ሁለት ፓኬት ሲጋራ አውጥቶ አቀበላት።

ወይዘሮ ተሕሲን መልሱን ሊሰሙ ቤቷ ተመልሰው ሲመጡ፣ ሻጉፍታ ፓኬቶቹን ፊታቸው አስቀመጠች፤ ደማቸው ፈላ።

"አንቺስ የራስሽን ባል እንዲህ አጣርተሽ ነው ያገባሽው?"

ሻጉፍታ በጠራራ ፀሐይ ሶፋው ላይ ተዘርሮ የሚያንኮራፋውን ባሏን ዞር ብላ አየችው።

"እሱን በእናቱ ቃል ብቻ ነው የወሰድኩት" አለች። "ሥራ ወዳድ ነው ብለውኝ ነበር።"