በአፏ የቀረችው ድምፅ

ከሚሴ ላይ መንገድ የጠየቀ እንግዳ «አላውቅም» የሚል ሰው አያገኝም። የጠየቀው ቤት ጨርሶ ባይኖር እንኳ አንዱ ወደ መስጊዱ፣ ሌላው ወደ መናኸሪያው ይጠቁመዋል፤ ሦስተኛው እጁን ይዞ ይሸኘዋል። እኛ ይህን እንግዳ ተቀባይነት እንለዋለን። እኔ ጨዋነት የለበሰ ጭካኔ እለዋለሁ፤ እንዲህ የተሸኙ ሰዎች ፀሐይ እስክትጠልቅ ሲዞሩ አይቻለሁና።

በዚህ ከተማ «አላውቅም» የሚለውን ቃል በአደባባይ ስትናገር የሰማኋት አንዲት ሴት ናት፤ አክስቴ። ለዚያም ከተማው ክረምቱ እስኪወጣ አኩርፏታል።

አንድ ልጇ ፍየል ሊገዛ ወደ ባቲ ገበያ እንደወረደ ሳይመለስ ቀረ። ወራት አለፉ። ስልኩ መጀመሪያ ይጠራ ነበር። ከዚያ ጥሪ አይቀበልም ማለት ጀመረ። አንድ ቀን ግን ሰው አነሳው፤ በማላውቀው ቋንቋ አንድ ቃል ተናግሮ ዘጋው። ሚስቱ ከአክስቴ ጋር ትኖራለች። ባለትዳር ትሁን ባል የሞተባት፣ ሊነግራት የሚችል አልነበረም።

ነሐሴ ላይ የቦርከና ወንዝ ጨፋ ሜዳ ላይ ሞልቶ ሲጎድል በቄጠማው መሐል አንድ ሬሳ ትቶ ሄደ። ፊቱን ውኃው ወስዶታል። ቁመቱ የልጁ ቁመት፣ ሸሚዙ የልጁ ሸሚዝ። ከተማው በግማሽ ቀን አወቀው። ወደ አክስቴ መልእክተኛ ከመሄዱ በፊት የለቅሶው ድንኳን ተተክሎ ነበር።

ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሶላት እንዳበቃ፣ መስጊዱ ግቢ ውስጥ ቃሬዛው አጠገብ ቆመች። እኔ ከጎኗ ነበርኩ፤ መጽሐፍ ያነበበ ሰው አይደነግጥም ተብሎ እንድደግፋት ተመድቤ። ሸሁ ጨርቁን ገለጡላት።

«ልጅሽ ነው ወይ?» አሉ። «ሀቁን ተናገሪ፤ ምስክርነት ነው።»

አየችው። ብዙ አየችው። እጁን አንስታ ጥፍሮቹን ተመለከተች፤ መልሳ በቀስታ አስቀመጠችው። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ በኦሮምኛ «ሂን ቤክ...» አለች።

ኦሮምኛ ለማይሰማ ላስረዳ። ቃሉ በ«ኡ» ሲያልቅ «ሂን ቤኩ» ነው፤ አላውቅም ማለት። በ«አ» ሲያልቅ «ሂን ቤካ» ይሆናል፤ አውቃለሁ ማለት። ልዩነቱ ሁሉ በመጨረሻዋ ድምፅ ላይ ነው፤ ያቺ ድምፅ ደግሞ በወሬ መሐል እንደ እስትንፋስ ብቻ ነው የምትወጣው። ያን ቀን ነጠላው ዋጣት። ግቢ ሙሉ ሰውም መስማት የፈለገውን ሰማ።

«አወቀችው!» አለ አንዱ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን!» ሴቶቹ እሪ አሉ።

አክስቴ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። በአማርኛ፣ ጥርት አድርጋ፣ «አላውቅም ነው ያልኩት» አለች። «ለማን ነው የምታለቅሱት?»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ከኋላ አንዲት ሴት ብቻ ማቆም አቅቷት ቀጠለች። ማን እንደሆነች ለማየት ዞርን። ያየናቸው ሴቶች ሁሉ አፋቸው ተዘግቶ ነበር፤ ድምፁ ግን ጥቂት ቆይቶ ነው የጠፋው።

«እቴቴ፣ ሸሚዙ እኮ የሱ ነው!» አለ የልጁ ጓደኛ።

«ሸሚዙ የባቲ ገበያ ነው። አንተስ ምን ለብሰሃል?»

ጓደኛው ወደ ደረቱ አየ። ያው ሸሚዝ ነበር። ከቃሬዛው ራቅ ብሎ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ ለብሶት አላየሁም።

ምራቷ እግሯ ላይ ወደቀች። «እማ፣ እሱ ነው በይኝና ልረፍ። እኔ ምን ልሁን?»

«አላውቅም፣ ልጄ» አለች። ይህን ስትል ፊቷ እያየሁት አረጀ።

አለማወቅን መናገር ትሕትና ነው ይላሉ፣ ምክር የሚወዱ ሰዎች። እኔ ትሕትና አላየሁም። ያየሁት ጥርስን ነክሶ መቆም ነው። መቃብር፣ ለቅሶ፣ የጎረቤት ማጽናኛ ተዘጋጅቶ የቀረበላት እናት ሁሉንም መልሳ ገፋችው። ሸሁ ሁልጊዜ ብያኔያቸውን ሰጥተው ሲያበቁ ነበር «አላሁ አዕለም» የሚሉት፤ አላህ ያውቃል ማለት ነው። ያን ቀን በእሱ ጀምረው በእሱ ጨረሱ። ሬሳው ስም ሳይጠራበት ተሰገደበት፤ ስም ሳይኖረው ተቀበረ።

መንገዱ ሲደርቅ ከሰንበቴ በኩል አንዲት የቆላ ሴት መጣች። እሷም ልጅ ጠፍቶባታል፤ ስለ መቃብሩ ገበያ ላይ ሰምታ ነው። አክስቴ መቃብሩ ዘንድ ወስዳት ቁመቱን፣ ሸሚዙን፣ ጥፍሮቹን ነገረቻት።

«የኔ ይሆን?» አለች ሴትዮዋ በኦሮምኛ።

«ሂን ቤኩ» አለች አክስቴ፤ የመጨረሻዋን ድምፅ እስከ ዳር አሰምታ። ሁለቱ በመቃብሩ ግራና ቀኝ ቁጭ አሉ። በሌላ የገበያ ቀን ሌላ እናት መጣች። ከዚያም ሌላ። አሁን በዚያ ስናልፍ ሁልጊዜ አንዲት ሴት ተቀምጣ እናያለን፤ የትኛዋ እንደሆነች መጠየቅ ትተናል።

ባለፈው ሳምንት፣ መግሪብ ከተሰገደ በኋላ፣ አክስቴ ቤት እራት ላይ ነበርኩ። በሩ ልጁ ከጠፋ ወዲህ ተቀርቅሮ አያውቅም። አክስቴ ጉርሻዋን ገታ አድርጋ፣ «ወአለይኩም ሰላም» አለች።

እኔ ከደጅ ሰላም ያለ ሰው አልሰማሁም። ምራቷ እጇ ሌማቱ ላይ እንደቆመ ወደ እኔ ዞረች።

«እርስዎ ሰሙ እንዴ?»

ነፋስ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ደጅ ያለው የግራር ቅጠል ግን አይንቀሳቀስም ነበር።

«አላውቅም» አልኳት። ወደ አክስቴ ዞሬም «ማነው?» አልኩ።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች። «ሰላምታ ግን ይመለሳል።»

ከዚያም መደቡ ላይ ትንሽ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀች። ምራቷ ጥቂት አመነታች፤ በሩን አየች፤ እሷም ጠጋ አለች።