ቢቸና ወይስ ሞጣ፦ ለሰናይት ትምህርት ቤት ፍለጋ

ሐሙስ ንጋት፣ ሉማሜ

አውቶቡስ ውስጥ ስንቀመጥ ገና አልነጋም። ጉልበቴ ላይ በፌስታል የታሰረ ዳቦ፣ አጠገቤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ሰናይት። እኔ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ዝውውር ጠይቄ "ቢቸና ወይም ሞጣ፣ ምረጥ" ተብያለሁ፤ መልሱን ሰኞ እሰጣለሁ። ለእኔ ሁለቱም ያው ናቸው፤ ልጄ ግን በመጪው ዓመት ዘጠነኛ ትገባለች። እናም ከመምረጤ በፊት የሁለቱንም ከተማ ትምህርት ቤት በዓይኔ ልይ ብዬ ተነሣሁ።

ሰናይት ጎበዝ ናት፤ ያልገባትን ግን አትጠይቅም። አንገቷን ደፍታ ዝም ነው። ጎረቤቱ "እንዴት ያለች ጨዋ!" ይላል። እኔን ግን ያስፈራኛል።

ደጀን ላይ መኪና ቀየርን፤ አስፋልቱም እዚያው ቀረ። ኮረኮንቹ እያንገጫገጨን፣ በግራ ጮቄ ደመናውን ተከናንቦ፣ በቀኝ የግንቦት ዝናብ ያራሰው ማሳ በጥማድ በሬ እየታረሰ። ሾፌሩ የመንገዳችንን ጉዳይ ጠየቀኝና ነገርኩት።

"ሰው በሬ ሊያይ ገበያ ሲወጣ እንጂ ትምህርት ቤት ሊያይ ሲወጣ አላጋጠመኝም ጋሼ!" ብሎ ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ግን "ልክ ነዎት። በሬም እኮ ጥርሱ ታይቶ ነው የሚገዛ" አለኝ።

ሐሙስ ረፋድ፣ ቢቸና

የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ግቢው ሰፊ፣ ክፍሉ ጠባብ፣ አንዱ ዴስክ ላይ አራት ተማሪ። ትምህርቱን ከአዲስ አበባ በቴሌቪዥን የሚያስተላልፈው ፕላዝማ ከገባ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ስለሆነ በብረት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ እንደ ታቦት ይከበራል። እኛ ከኋላ ስንቀመጥ ሂሳብ በእንግሊዝኛ እየፈሰሰ ነበር። ፕላዝማው ይጠይቃል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ ማንም ሳይመልስ "ቬሪ ጉድ!" ብሎ ያልፋል። ተማሪው ይስቃል፤ እኔም አላስቻለኝም።

ፕላዝማው ሲያበቃ ለመምህሩ የተረፈችው ጥቂት ደቂቃ ናት። መምህር አዱኛ የዚሁ አገር ሰው ናቸው፤ አስኳላ ከመግባታቸው በፊት ቅኔ ቤት ቆይተዋል። እዚያ የኔታ ለሁሉም ስለማይደርሱ ቀድሞ የገባው ተማሪ "አስነጋሪ" ሆኖ ለጀማሪው ያስረዳል። እሳቸውም በየዴስኩ አንድ አስነጋሪ ሾመዋል።

"እዚህ ክፍል ገባኝ ማለት ክልክል ነው!" አሉ ጮክ ብለው። "ምኑ እንዳልገባችሁ ተናገሩ!"

ክፍሉ እንደ ንብ ቀፎ ተንጫጫ። ሰናይት አጠገብ የነበረች ልጅ ዞር ብላ "አንቺስ ምኑ ነው ያልገባሽ?" አለቻት፤ እንግዳ መሆኗን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ልጄ እንደ ልማዷ አቀረቀረች። ከዚያ ግን የልጅቱ ደብተር ላይ በጣቷ አንዲት መስመር ነካች።

ወጥተን መምህሩን ስለ ውጤት ጠየቅኋቸው።

"አልዋሽዎትም" አሉኝ። "መብራት ይጠፋል፣ ክፍሉ ሞልቷል። በአሥረኛው ፈተና ከሚያልፈው የማያልፈው ይበዛል።"

ይህን ሰምቼ ልቤ ወደ ሞጣ ሸፈተ። ደብረ ወርቅ ወርደን ሽሮ በላን፤ ማታ ሞጣ ገብተን አደርን።

ዓርብ ጠዋት፣ ሞጣ

ይኼኛው የግል ነው። አጥሩ ቀለም የተቀባ፣ በሩ ላይ አበባ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ወንበር። ቤተ መጻሕፍቱን ሳይ እንደ ገና ልማር ልማር አለኝ። መምህሩ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ሰሌዳውን ይሞላሉ፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ሳል እንኳ አይሰማም።

ርዕሰ መምህሩ ከረባታቸውን አስተካክለው "ከእኛ ተፈትኖ የወደቀ የለም" አሉ። በቃ፣ ወሰንኩ። ለቤት ኪራይ ማንን እንደምጠይቅ ማሰብ ሁሉ ጀምሬ ነበር።

"ያልገባው ተማሪስ?" የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ሰናይት ናት! ጆሮዬን ተጠራጠርኩ።

"ይመከራል" አሉ ርዕሰ መምህሩ።

"ምን ተብሎ?" አልኩ እኔ።

"አሥረኛ ሳይደርስ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት እንዲዛወር ነዋ። ለራሱም ይሻለዋል።"

ክፋት አልነበረበትም አነጋገራቸው፤ ጥሩ አሠራር እንደሚያስረዳ ሰው ነበር የነገሩኝ። ለካ የሞጣው ወዳቂ የሚቆጠረው ሌላ ትምህርት ቤት ነው። ሁለቱን ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳወዳድር የቆየሁት እኔ ግን ምኑን ከምኑ ጋር እንደመዘንኩ ጠፋኝ።

ቅዳሜ፣ መልስ

እውነቱን ለመናገር፣ አሁንም ልቤ አልቆረጠም። የአራት ልጅ ዴስክ ያስፈራል። ሞጣን ለቅቀን ብዙም ሳንርቅ "አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ፤ ማንም አይመክርሽም። ሞጣ ብንገባስ?" አልኳት።

አቧራ በለበሰው መስኮት ላይ የቢቸናውን የሂሳብ ጥያቄ በጣቷ ጻፈችና ታስረዳኝ ጀመር። ኤክሱን ከዚህ ወዲያ አሻገረችው፣ አካፈለችው፣ አወጣችው። እኔ እንደ አዋቂ ራሴን ነቀነቅሁ።

"ገባኝ" አልኳት።

ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ልጄ እንዲህ አይታኝ አታውቅም።

"ገባኝ ማለት ክልክል ነው አባዬ። ምኑ እንዳልገባህ ተናገር።"

ሾፌሩ በመስተዋቱ አይቶን ሳቀ። እኔም መጀመሪያ አፈርኩ፤ ቀጥሎ ደስ አለኝ። ጣቴን ሰድጄ መስኮቱን ነካሁ።

"ይኼ ቁጥር ሲሻገር ምልክቱ ለምን ተቀየረ?"

ደጀን እስክንደርስ አስረዳችኝ። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ቢቸና አልኩ።