እማማ አረጋሽና የሻሹ ፍላሽ

ፎቶ አንሺው ሰንበታ በ1978 ዓ.ም. ከናዝሬት እስከ ወለንጪቲ የታወቀው በአንድ አሮጌ ጃንጥላ ነው። ውስጡን በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ለብጦ፣ አፉን በስስ ነጭ ሻሽ ሸፍኖታል። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን ፍላሹን ሻሹ ውስጥ ያስገባና ፊቱን ወደ ብርማው ወረቀት ያዞረዋል። ብርሃኑ ከወረቀቱ ነጥሮ፣ በሻሹ ተጣርቶ ሲወጣ ሰው ፊት ላይ ለስለስ ብሎ ያርፋል። ሲጋራ ስለማያጨስ ወረቀቱን የለቀመው ከየቡና ቤቱ ወለል ነበር።

«የማያጨስ ባል አግብቼ ቤቴ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል!» ትለው ነበር ሚስቱ ሸዋወርቅ።

አንድ ቅዳሜ ወለንጪቲ ወረደ። ያስጠሩት እማማ አረጋሽ ናቸው። ልጃቸው ጉተማ ሰሜን ዘምቶ ሁለት ዓመቱ ነው። እሳቸው ደግሞ ፍላሽ ቦግ ሲል ዐይናቸው ግጥም ይላል፤ እስከዚያ ቀን የተነሱት ሦስት ፎቶ ሁሉ እንደዚያው ነው። ጉተማም ጻፈ፦ «እማዬ፣ ዐይንሽ የተገለጠበት ፎቶ ላኪልኝ። ይሄንን ያየ ሁሉ ነፍስ ይማር ይለኛል።»

ጎረቤት ግቢውን ሞልቶታል። ሰንበታ ጃንጥላውን ሲዘረጋ እማማ አረጋሽ ሳቁ።

«አንተ ሰንበታ፣ ዝናብ ልታመጣብን ነው?»

«ብርሃን ነው የማመጣልዎ እማማ፤ ዐይን አይወጋም።»

«አንድ! ሁለት! ሦስት!» አለ ጎረቤቱ በሙሉ። ሦስት ላይ እማማ አረጋሽ ጨፈኑ። ደገሙት፤ ጨፈኑ።

«እማማ ጸሎት ላይ ናቸው፣ አትረብሿቸው!» አለች ጎረቤታቸው ዙህራ።

«ዝም በይ አንቺ! አስጨነቃችሁኝ እኮ!»

ናዝሬት ውስጥ የባትሪ ድንጋይ ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። በሰንበታ ፍላሽ ያሉት አራቱ ያለቀላቸው ናቸው፤ ጠዋቱን ሙሉ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አሙቋቸው ነው የመጣው። አሁን ቢያነሳ ቢያነሳ አንድ ጊዜ ነው። ያም ቢሆን ፍላሹ ኃይል እስኪያጠራቅም ደቂቃዎች ይፈጃል።

«ምን እንጠብቃለን?» አሉ እማማ አረጋሽ።

«የፍላሹ ጀርባ ላይ ቀይ መብራት አለች። እሷ እስክትበራ ነው።»

«የታለች?»

«ከሻሹ ኋላ። ከእኔ ይልቅ ለእርስዎ ነው የምትታየው።» ይህን ሲል አንድ ነገር ብልጭ አለለት። «እንደውም እርስዎ ይጠብቁልኝ። ስትበራ ይንገሩኝ። እናንተ ደግሞ ቁጥር የሚባል ነገር እንዳልሰማ!»

እማማ አረጋሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ እንደ እህል ጠባቂ ሻሹ ላይ አፈጠጡ። ግቢው ጸጥ አለ። አንድ ዶሮ ብቻ አልታዘዝ ብላ ተንጫጫች።

«አልበራችም... አልበራችም... ቆይ... በራ—»

ሰንበታ የካሜራውን ቁልፍ ተጫነው።

ማታውን ናዝሬት ገብቶ ፎቶውን አጠበው። ዐይናቸው ቦግ ብሎ ተገልጧል። ችግሩ አፋቸውም ተከፍቷል፤ የሁለቱ የወለቁ ጥርሶቻቸው ቦታ ሳይቀር ይታያል። በሚቀጥለው ቅዳሜ እየፈራ ወሰደላቸው።

«ኧረ ጉድ! ጥርሴን!» አሉና አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ከዚያ ግን ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አዙረው ብዙ ቆዩ። «ይሄ የእናቴ ዐይን ነው፤ እኔ ላይ መኖሩን አላውቅም ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «በል፣ እንዲሁ ይላክ።»

መልሱ የመጣው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ሰንበታ ለሠርግ ወለንጪቲ ሲመጣ ጠርተው አስነበቡት። «መሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁ፤ መነጽር ነው ያጣሁት» አሉ ቀድመው።

«እማዬ» ይላል ደብዳቤው፣ «ፎቶሽን ምሽጋችን ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል። ምን እያለች ነው ብለው ጓደኞቼ ተከራከሩ። አንዱ ምሳ ብሉ ነው አለ፣ ሌላው ሌባ ያዙ። እኔ ግን አውቄዋለሁ። ብርድ ነው፣ ልብስ ደርብ እያልሽኝ ነው።»

ሰንበታ ቀና ብሎ አያቸው። እማማ አረጋሽ ነጠላቸውን ወደ ዐይናቸው ወሰድ አድርገው መለሱ።

«ወረቀት ያዝና ጻፍለት» አሉት። «ልክ ነህ፣ እሱን ነው ያልኩት በለው።»