እሳት ያላየው ጣባ ተራራ ሲሻገር

ሐሙስ፣ ንጋት 11፡30 — አየር ጤና

መስቀል ሊገባ ሳምንት ሲቀረው በጅማ መንገድ መውጣት ማለት ከግማሽ መርካቶ ጋር አብሮ መውጣት ማለት ነው። ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ፍራሽ፣ አይሱዙው ላይ በግ፣ የቤት መኪናው ኋላ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ቴሌቪዥን። ሰው ሁሉ ለእናቱ አንድ ነገር ይዞ ይሄዳል። እኔ ብቻ ባዶ ፒክአፕ ተከራይቼ ዕቃ ላመጣ እሄዳለሁ። ሾፌሩ ከድር ሁለቴ ዞር ብሎ የኋላውን አየና ምንም አልጫንሽም ወይ አለኝ። ምንም፣ አልኩት። በአባቴ አገር በዚህ ሰሞን ባዶ እጁን የሚገባ ሰው የለምና አፈርኩ።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ። ስሜ ራሄል ነው። የኦንላይን ሱቅ አለኝ፤ እናንተ በስልክ ታዛላችሁ፣ እኔ በራችሁ ድረስ አደርሳለሁ። የምሸጠው የክትፎ ዕቃ ነው፦ ጥቁሩ የሸክላ ጣባ፣ የቀንድ ማንኪያ፣ ሚጥሚጣ። ገበያዬ የሚደራው በመስቀል ነው። ችግሩ፣ ዕቃውን የሚሠሩልኝ ሰዎችም የሚዘጉት በመስቀል ነው። ሲዘጉ ደግሞ እንደ ቢሮ ሰው ለአንድ ቀን አይደለም፤ ሦስት ሳምንት ስልክ የሚያነሳ የለም። አምና ይህን ችላ ብዬ የተቀበልኩትን ትዕዛዝ ሁሉ ይቅርታ እያልኩ መለስኩ። አንዲት ደንበኛ፣ የጉራጌ ልጅ ሆነሽ ጉራጌ በመስቀል እንደሚዘጋ አታውቂም ወይ ብላ ጻፈችልኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ግን ጠርጥሬአለሁ። ስልሳ ጣባ ገና በሐምሌ አዘዝኩ። በሱቄ ገጽም ላይ "በመስቀል አንድም ትዕዛዝ አይመለስም" ብዬ በደማቁ ጻፍኩ። ስልሳው ሁሉ ታዟል፤ ከደመራ በፊት እያንዳንዱ ደንበኛ እጅ መግባት አለበት። አምና ይቅርታ ያደረገልኝ ሰው ዘንድሮ ሌላ ሱቅ ይፈልጋል፤ የእኔም ሱቅ እዚያ ላይ ያበቃል።

ጠዋት 2፡00 — ወሊሶ

ቁርስ ጨጨብሳ በማር፣ ለሁለት አንድ ሳህን። ከድር የመስቃን ልጅ ነው፣ እንሴኖ አካባቢ ያደገ። ቀስ ብሎ ይበላል፤ ሲነዳ ደግሞ ከአበላሉም ይብሳል። ከቱሉ ቦሎ ጀምሮ ያላለፈን መኪና የለም። አንድ የአህያ ጋሪ ብቻ ቀድመናል፣ እሱም ቆሞ ነበር። ይህን ስነግረው አልተከፋም። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" አለኝና ሻዩን ጨለጠ።

ረፋድ 4፡00 — ወልቂጤ

ወልቂጤ ዛሬ መሬቷ አይታይም። ባጃጅ በባጃጅ ላይ፣ በኮባ የታሰረ ቆጮ በሰው ትከሻ፣ ቅቤ ሻጮች በመደዳ፣ ከአውቶቡስ በሚወርድ ልጅ ሁሉ አንገት ላይ የሚጠመጠም ዘመድ። አለፍናትና ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው መንደር ገባን፤ እማማ ትርንጎ ጋ። ጣባዬን የሚሠሩልኝ እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው እጅ የወጣ ጣባ ጥቁረቱ እንደ መስተዋት ነው፤ ይህን ስል ስለምሸጠው አይደለም፣ እቤቴም ሁለት ስላለኝ ነው።

ስልሳ ጣባ ብዬ ስሄድ ሃያ ሁለት ጠበቀኝ። የቀረው የት ሄደ ብዬ ስጠይቅ እማማ በአገጫቸው ወደ መንደሩ አሳዩኝ። ነገሩ ይህ ነው፦ በእኛ አገር በዓሉ ሲቃረብ ሴቶች የቤቱን ዕቃ አጥበው፣ አሳምረው ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ፤ የተሰነጠቀውን በአዲስ ይተካሉ። ለዚህ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ይመጣል። ዘንድሮ ክረምቱ ረዘመ፤ ጣባው ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ተቀምጦ እንኳ ለመድረቅ ሳምንታት ፈጀ። በእሳት ተቃጥሎ የደረሰው ጥቂት ነበር። ጎረቤት መጣ፣ እማማም ሰጡ።

ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ እየሰማሁ ያደግኩ ሰው ለመንደሩም አስቤ አብዝቼ ማዘዝ ነበረብኝ። በዚያች ሰዓት ግን ይህ አልታየኝም፤ ተናደድኩ። በሐምሌ ማዘዜን፣ ሰው እየጠበቀኝ መሆኑን፣ ስሜ እንደሚጠፋ ድምፄን ከፍ አድርጌ ዘረዘርኩ። በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ፊት እንዲህ መሆኔ ዛሬም ያሳፍረኛል። እማማ አስጨረሱኝ።

"ስልሳው ሁሉ ለቤትሽ ነው?"

"አይደለም እማማ፣ ለሰው ቤት ነው።"

"ይሄም የሰው ቤት ነው ልጄ። ጎረቤቴ መስቀልን በተሰነጠቀ ጣባ ሲውል እያየሁ ለማላውቀው ሰው አልሰጥም።"

ንዴቴ ሳይበርድ፣ የእነዚህ ሰዎች ወገን በመሆኔ ደረቴ ሲነፋ ተሰማኝ።

ከዚያ ወደ ጓዳ አስገቡኝ። ለጎረቤት በሰጡት ምትክ ሠላሳ ስምንት ጣባ ተሠርቶ፣ ተወልውሎ፣ ደርቆ ተደርድሯል። የቀረው እሳት ብቻ ነው። እንጨታቸው ግን በዝናብ በስብሷል፤ ነገ ደግሞ የቤታቸውን ዕቃ ይሰቅላሉ፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ጥቅምት እጃቸው ጭቃ አይነካም። ለመንኳቸው። አይሆንም አሉ። በዓል በዓል ነው፣ ደግሜ አልለመንኩም።

ይህን ጊዜ በር ላይ የቆመው ከድር ጣልቃ ገባ። አክስቱ ወይዘሮ ነፊሳ ቡታጅራ ዳር ሸክላ ይሠራሉ። ሙስሊም ናቸው፤ ሥራ የሚያቆሙት ለአረፋ እንጂ ለመስቀል አይደለም። ያ አገር ዝናቡ ቀድሞ ይወጣል፣ እንጨታቸውም ደረቅ ነው። ጣባውን እንዳለ ጭነን ተራራውን አቋርጠን እንውሰደው አለ።

እማማ በመጀመሪያ ሳቁበት። ያልተቃጠለ ጣባ እኮ ጭቃ ነው፤ ዝናብ ካገኘው ይሟሟል፣ ጉድጓድ ካናጠው ይሰነጠቃል። ደግሞም በሕይወታቸው የእጃቸው ሥራ ሌላ ሰው እሳት ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ከዚያ ተነስተው የደረቀ የእንሰት ቅጠል ማምጣት ጀመሩ። እያንዳንዱን ጣባ ራሳቸው ጠቀለሉት፤ እኔና ከድር በየመሃሉ የሚጎዘጎዘውን ጭድ ብቻ እንድናቀብል ተፈቀደልን።

ከሰዓት 8፡30 — ተራራው ላይ

ጉብሬን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ እንሰቱ እየሳሳ ሄደና ገብስ ተተካ። ከዚያ ጉም መጣ። ከኮፈኑ ወዲያ የሚታይ ነገር የለም። ጠዋት የሳቅኩበት የከድር አነዳድ አሁን ጸሎቴ ሆነ። ጉድጓድ ባየ ቁጥር ይቆማል፣ ወርዶ ያያል፣ ጎማውን በጠርዙ ያሳልፋል። አንድ ጣባ ጭኔ ላይ ይዣለሁ፤ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፣ ባዶ እጄን መቀመጥ ስላቃተኝ ነው።

ዝናቡ ጫፉ ላይ ያዘን። ሁለት ሸራ ደርበን ነበር፤ ከድር ጃኬቱን አውልቆ ሦስተኛ አደረገው። በካናቴራ ብቻ እየተንቀጠቀጠ ነዳ። ማሞቂያ የለውም መኪናው። ተመለስና ልበሰው ስለው፣ ጃኬቱ ቢርስ ይደርቃል፣ ጣባው ቢርስ ግን አይደርቅም አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ አነዳዱ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

አመሻሽ 11፡00 — ቡታጅራ

ቁልቁለቱን ስንጨርስ ፀሐይ ጠበቀችን። በየደጁ ቀይ በርበሬ ተሰጥቷል፤ አየሩ ራሱ ያስነጥሳል። ከድር ለአክስቱ ሰላምታ ሰጥቶ፣ እጃቸውን ስሞ፣ ነገሩን በአገራቸው ቋንቋ አስረዳቸው። ወይዘሮ ነፊሳ አንዱን ጣባ ከቅጠሉ አውጥተው ገለበጡት። ቂጡ ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ የእማማ ትርንጎ ምልክት ነው። የራሳቸውን አውራ ጣት አስገብተው ለኩት።

"እጇ ቀጭን ነው" አሉ። "ጠዋት ከጁምዓ በፊት እንጨርሰዋለን።"

ሠላሳ ስምንቱን አንድ በአንድ ፈታን። ሁለቱ ተሰንጥቀዋል። ሁለት ብቻ። ከድር ቆጥሮ ሲጨርስ ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ፤ ደስ ያለው ወንድ እንዲህ ሲሆን አውቃለሁ፣ አባቴም እንደዚያ ነበር።

ዓርብ፣ ጠዋት 3፡00 — እሳቱ ዳር

ወይዘሮ ነፊሳ የሰው ሥራ ስለሆነ ይመስለኛል፣ ለራሳቸው ከሚጠነቀቁት በላይ ተጠነቀቁ። እንጨቱን እየመረጡ ከመሩ፣ እኔን ከጭሱ አራቁኝ። ጣባው ፍም መስሎ ሲወጣ ትኩሱን በገለባ ቀበሩት፤ ጥቁረቱን የሚያመጣው ይህ ነው። ሲቀዘቅዝ አንድ ተሰብሮ ተገኘ። ሠላሳ አምስቱ ግን ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ። ሃያ ሁለቱ ሲጨመር ሃምሳ ሰባት። ሦስት ጎደለኝ።

ወይዘሮ ነፊሳ ሂሳቡን ከፊቴ አነበቡት መሰለኝ፣ ወደ ቤት ገብተው ከራሳቸው መደርደሪያ ሦስት አወጡ። ወፍራም ከንፈር ያለው፣ ሌላ እጅ መሆኑ በግልጽ የሚታይ። ለሦስት ደንበኞች ወዲያው ጻፍኩ፦ የእናንተ ጣባ የቡታጅራ እጅ ነው፣ ካልወደዳችሁት ንገሩኝ። ሁለቱ እሺ አሉ። ሦስተኛዋ ሌላ ሁለት ይኖራል ወይ ብላ ጠየቀች።

ዓርብ፣ ምሽት 1፡00 — አዲስ አበባ

በጥያ በኩል ተመለስን። መንገዱ በሙሉ ወደ እኛ የሚመጣ የመስቀል መኪና ነበር፤ ከከተማ ወደ አገር የሚጎርፍ ሕዝብ፣ በተቃራኒው የምንሄድ እኛ ብቻ። ከድር በየመኪናው ላይ ጥሩንባ እየነፋ ሰላምታ ይሰጥ ነበር፣ የማያውቃቸውን ሁሉ።

ደጄ ላይ ጣባውን እያወረድን ስልኬ ጮኸ። እማማ ትርንጎ ናቸው፤ ከአዲስ አበባ በገባ ልጃቸው ስልክ። ስንት ተረፈ ብለው ይጠይቁኛል ብዬ ቁጥሩን ምላሴ ላይ አዘጋጀሁ።

"ጥቁረቱ ያዘ?" አሉኝ።

"ያዘ እማማ። ፊቴ ይታይበታል።"

ከወዲያ የልጆችና የሰሃን ድምፅ ይሰማል።

"ያቺ ሴትዮ ስሟ ማነው?"

"ነፊሳ።"

"ነፊሳ" አሉ ቀስ ብለው። "ለአረፋ ሥራ ስታቆም፣ ያላቃጠለችውን ወደኔ አምጪው። እንጨት አደርቅላታለሁ።"