ከነላስቲኩ የቀረው ቴሌስኮፕ

መገናኛ አንድ ሱቅ ገብተን ለልጄ ለማርታ ቴሌስኮፕ እየመረጥን ነው። ሻጩ ካርቶኑን ሲከፍተው የአዲስ ላስቲክ ሽታ ወጣ።

ሲኤምሲ ያደግኩበት ቤት እንዲህ ነበር የሚሸተው። ሶፋችን ከነላስቲኩ ነበር፤ ስንቀመጥ ጭናችን ላይ በላብ ይጣበቃል። አጎቴ ከውጭ የላከልኝን ቴሌስኮፕም አባባ ከነላስቲኩ ቡፌው ውስጥ፣ ከእንግዳ ብርጭቆዎቹ አጠገብ አስቀምጦ ቆለፈበት። እንግዳ ሲመጣ በመስታወቱ ያሳያል።

«አባባ፣ ዛሬ ጨረቃን ልይበት?»

«ሰማዩ የትም አይሄድም። ዕቃ ግን አንዴ ከተነካ አለቀለት።»

ምን ማለቱ እንደሆነ በደንብ ባይገባኝም አመንኩት። ቁልፉን የሰጠኝ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ነው። ላስቲኩን ስቀደው የእርጥብ ካልሲ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ሌንሱ ላይ ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቷል። ቀፈፈኝ፤ እጄን ሁለቴ በሳሙና ታጠብኩ።

«ለጀማሪ እግሩ የማይነቃነቀው ይሻላል» አለ ሻጩ፣ አንዱን መርጦ እያቀበለን።

ሂሳቡን እንደከፈልኩ ማርታ ቸኩላ ላስቲኩን በጥርሷ መቅደድ ጀመረች።

«ተይ፣ አትንኪው፤ ይበላሻል» አልኳት ሳላስበው።

የገዛ አፌ ሻጋታ ሻጋታ ሸተተኝ።